ከቡና ገለፈት ፔክቲኔዝ ማምረት፣ እዛው ማጠቢያ ጣቢያው ላይ ይቻላል?

ቅንጣት_21

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ብዙ ወር ሳስበው የቆየሁት ነገር ስለሆነ ሁሉንም ልዘርዝረው ብዬ ነው።

የተማርኩት ምግብ ምህንድስና ነው፣ ቤተሰቦቼ ያሉት ጅማ ዞን ጎማ ወረዳ ነው። አባቴ የገበሬ ማኅበር አባል ነው፣ ማኅበሩ እሸት ቡና ተቀብሎ የሚፈለፍልበትና የሚያጥብበት ጣቢያ አለው። ለቀማ ሲደርስ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ማለት ነው፣ ከፑልፐሩ (ከመፈልፈያ ማሽኑ) የሚወጣው ቀይ ገለፈት ተራራ ያክላል። ከእሸቱ ክብደት ወደ 40 ፐርሰንት የሚጠጋው እኮ እሱ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይ ይሸታል፣ ዝንብ ይወርሰዋል፣ ዝናብ ከመታው ደግሞ ጥቁር ፈሳሹ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ልጅ ሆነን ውኃ የምንቀዳበት ወንዝ ነው፣ አሁን በለቀማ ወቅት ከብት እንኳን አይጠጣውም።

የመመረቂያ ፕሮጀክቴን በሱ ላይ ሠራሁ። ገለፈቱ ውስጥ ፔክቲን የሚባል የተክል ሙጫ አለ፣ አስፐርጊለስ ናይጀር የሚባለው ጥቁር ሻጋታ ደግሞ ፔክቲኑን ለመብላት ፔክቲኔዝ የሚባል ኢንዛይም ያመነጫል፣ ሻጋታ አፍና ሆድ የለውም አይደል፣ ምግቡን ውጭ አሟሙቶ ነው የሚመጠው። ቡናው ተፈልፍሎ ፍሬው ላይ የሚቀረው የሚያሙለጨልጭ ሽፋንም ውስጥ ያው ፔክቲን ነው ያለው፣ ቡና ገንዳ ውስጥ የሚያድረው እሱ እስኪለቅ ነው። ስለዚህ ኢንዛይሙን ከሚጣለው ገለፈት አውጥተን እዛው ገንዳ ላይ ብንጨምረውስ?

ላብ ውስጥ በፍላስክ 10 ግራም 10 ግራም ስሠራ በጣም ጥሩ ነበር። የደረቀ ገለፈት ከፉርሽካ ጋር ቀላቅዬ፣ እርጥበቱን 60 ፐርሰንት አካባቢ አድርጌ፣ ኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ጀርም የሚገድል ዕቃ) ውስጥ አስገብቼ፣ ስፖሩን (የሻጋታውን ዘር) ዘርቼ፣ 30 ዲግሪ ላይ 4 ቀን። ፈሳሹን አውጥቼ የዘይቱን ጭማቂ ላይ ጠብ ሳደርግበት ድፍርሱ ወርዶ ከላይ ሲጠራ ሳይ እንባዬ መጣ። ከተመረቅኩ በኋላ ግን እቤት በትሪ 3 ኪሎ ልሞክር ብዬ ሊሆንልኝ አልቻለም። በሁለተኛው ቀን ትሪው ሲነካ ይሞቃል፣ መሀሉ ረጥቦ ይገማል፣ ሻጋታው የበቀለው ዳር ዳሩን ብቻ። ሁለቴ ደገምኩት፣ ያው ነው።

ምን እያጠፋሁ ነው? ደግሞስ ነገሩ በጥቅሉ ያዋጣል? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ጋሼ_ማይክሮ

ልጄ የገጠመሽ ነገር በዚህ ሥራ የገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚገጥመው ነው፣ እኔም 30 ዓመት ላብ ውስጥ ስሠራ ብዙ ትሪ ጥያለሁ። ሻጋታ ሲያድግ ይተነፍሳል፣ ሲተነፍስ ሙቀት ያወጣል። 10 ግራም ላይ ሙቀቱ በመስታወቱ በኩል ይወጣል፣ 3 ኪሎ ስትቆልዪው ግን የሚወጣበት የለውም ምክንያቱም ፉርሽካም ገለፈትም ሙቀት አያስተላልፉም። በደንብ ያልደረቀ ድርቆሽ ተከምሮ እጅሽን ስትከቺበት የሚፋጀው እሱ ነው። መሀሉ 40 ዲግሪን ሲያልፍ ናይጀር ይዳከማል፣ ሙቀት የሚወዱ ባክቴሪያዎች ቦታውን ይይዛሉ፣ የሸተተሽ የነሱ ሥራ ነው።

ስለዚህ ውፍረቱ ከ3 እስከ 4 ሴንቲሜትር አይለፍ። ትሪው ታቹ የተበሳ ይሁን፣ ከላይ የተቀቀለ ንጹሕ እርጥብ ጨርቅ አልብሺው። ገለፈቱን እንደ ዱቄት አትፍጪው፣ በቁራጭ በቁራጩ መሀል አየር መግባት አለበት። ከዘራሽ ከ18 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ነጭ ነጭ ሆኖ መያያዝ ሲጀምር፣ ጓንት አድርገሽ ፈልፍለሽ አገላብጪው፣ ጃፓኖች ኮጂ የሚሉትን ሻጋታ ሩዝ ላይ ሲያሳድጉ እንዲሁ ነው የሚያደርጉት። እርጥበቱን ለማወቅ ጭብጥ አድርገሽ ጭመቂው፣ ውኃ ጠብ ካለ በዝቷል፣ ሳይያያዝ ከተበተነ አንሷል።

ሌላው፣ ጥቁር እስኪሆን አትጠብቂ። ጥቁሩ ስፖር ነው፣ ሻጋታው መብላት ትቶ መዝራት ጀምሯል ማለት ነው። ከመጥቆሩ በፊት ብታነሺው ኢንዛይሙም ጥሩ ነው፣ ለሳንባሽም ይሻላል።

አንድ ነገር ግን አልነገርሽንም። ሻጋታውን ከየት አመጣሽው?

ቅንጣት_21

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ፣ እኔ ወደ 10 ሴንቲሜትር ነበር የቆለልኩት፣ አሁን ገባኝ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የተጠቀምኩት ከላቡ የተሰጠኝ ነው፣ እቤት ስሞክር ግን እሱን ስላላገኘሁ ከሽንኩርት ላይ ጥቁሩን ወስጄ ነው የዘራሁት፣ በማይክሮስኮፕ ሳየው ናይጀር ይመስላል።

ጋሼ_ማይክሮ

ያንን ዛሬውኑ ቀቅለሽ ጣዪው ልጄ። በማይክሮስኮፕ ጥቁር አስፐርጊለሶች ሁሉ ይመሳሰላሉ፣ ዓይን አይለያቸውም። ናይጀር በምግብ ኢንዱስትሪ ከመቶ ዓመት በላይ ሲትሪክ አሲድ የሚመረትበት ነው፣ እውነት ነው፣ ግን በዚያው ዝርያ ውስጥ ኦክራቶክሲን ኤ እና ፉሞኒሲን የሚባሉ መርዞች የሚሠሩ አሉ። የሽንኩርቱ ከየትኛው ወገን እንደሆነ በምንም አታውቂም።

የሚታወቅና የተመረመረ ዘር ውሰጂ። የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት የረቂቅ ተሕዋስያን ክምችት አለው፣ ዩኒቨርሲቲዎችም አላቸው። ዘሩን ስትወስጂ ለቶክሲን (ለመርዝ) መመርመሩን ጠይቂ፣ ካልተመረመረ አስመርምሪ። ለምግብ የሚሆን ኢንዛይም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የላም_አባት

ሰላም፣ እኔ ሱሉልታ ላሞች አሉኝ፣ ስለ ሻጋታ የማውቀው ከመኖ በኩል ነው። አንድ ነገር ልበል። ሰው ስለዚህ ነገር ሲጽፍ ሁሌ ፉርሽካን፣ ፋጉሎን፣ የቢራ ፋብሪካ አተላን "ተረፈ ምርት" "ቆሻሻ" ይላል። በሌላ አገር ይሆናል። እዚህ ግን ፉርሽካ በኩንታል ተመዝኖ የሚሸጥ ነገር ነው፣ ለቢራው አተላ ሌሊት ተሰልፈን ነው የምንወስደው። ከኛ ላይ ወስዳችሁ ሻጋታ ካበላችሁት የወተት ዋጋ ላይ ነው የሚመጣው። የቡናው ገለፈት ግን የእውነት የሚጣል ነው፣ የልጅቷን ሐሳብ የወደድኩትም ለዛ ነው፣ በዛ ላይ ካፌኑና ታኒኑ ስላለ ለላም ብዙ አይሰጥም።

ሁለተኛ፣ ኢንዛይሙ ወጥቶ የሚቀረውን ለከብት እንስጠው የሚል አይጠፋም። እባካችሁ ተጠንቀቁ። በፈረንጆች 2016 የታተመ ጥናት ላይ ከአዲስ አበባ ዙሪያ 110 የወተት ናሙና ተወስዶ ሁሉም ውስጥ አፍላቶክሲን ኤም1 የሚባል ከሻጋታ የሚመጣ መርዝ ተገኝቷል፣ ዋናው መንገድ የኑግ ፋጉሎ ነው። ላሟ የሻገተ ትበላለች፣ መርዙ ጉበቷ ውስጥ ተለውጦ በወተት ይወጣል፣ ወተቱን ልጅ ይጠጣዋል፣ ማፍላትም አያጠፋውም። እኔ ያንን ካወቅኩ ጀምሮ ፋጉሎ ስገዛ እስከ ጆንያው ታች እፈትሻለሁ።

ቅንጣት_21

ልክ ነዎት፣ ፉርሽካውን እኔ የምጨምረው ሲሶ ያህል ብቻ ነው፣ ገለፈቱ ብቻውን ይጠቀጠቅና አየር ያጣል፣ ናይትሮጅንም ያንሰዋል። በሌላ ነገር መተካት ከቻልኩ እሞክራለሁ። የተረፈውን ለከብት የመስጠት ሐሳብ ግን ነበረኝ፣ ትቼዋለሁ፣ ለኮምፖስት ይሁን።

የገንዳ_ሰው

ይርጋጨፌ አካባቢ ማጠቢያ ጣቢያ ላይ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። እህቴ ሐሳብሽ ጥሩ ነው ግን የማልደብቅሽ ነገር አለ። አሁን ኢኮ ፑልፐር የሚባለው ማሽን አለ፣ እየፈለፈለ ሽፋኑንም በዛው ፍቆ ያወጣል፣ ገንዳ ሁሉ አያስፈልግም፣ ውኃም ይቆጥባል። እሱ እያለ ኢንዛይም ለምን? ሁለተኛ ደግሞ የኛን ቡና ገዢ የሚወደው ገንዳ ውስጥ አድሮ ከሚመጣው ጣዕም የተነሳ ነው፣ 36 ሰዓት 48 ሰዓት፣ ሲበርድ 72 ሰዓት የምናሳድረው ዝም ብለን አይደለም። አንቺ በጥቂት ሰዓት ልታለቅቂው ነው፣ ጣዕሙስ?

ቅንጣት_21

ጥያቄህ ልክ ነው ወንድሜ፣ እኔም አባቴም ስንከራከርበት የነበረ ነው። ማሽኑን መግዛት የቻለ ይግዛ፣ የኛ ማኅበር የለውም፣ ያለን የድሮው ዲስክ ፑልፐርና 4 ገንዳ ነው። እስቲ ልጠይቅህ፣ ለቀማው ሲጦፍ፣ አራቱም ገንዳ ሞልቶ እሸት የጫነ መኪና ደጅ ሲሰለፍ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

የገንዳ_ሰው

እሱማ መከራ ነው። እሸቱ ሳይፈለፈል ያድራል፣ ሲያድር ይሞቃል፣ ይቦካል፣ ያ ቡና ጠዋት ቢፈለፈልም ሽታው አይለቀውም፣ ወደ ዝቅተኛው ደረጃ ይወርዳል። ወይ ደግሞ ገንዳውን ለመልቀቅ ብለን ሳይለቅ እናጥበዋለን፣ ከዛ ማድረቂያው አልጋ ላይ ሽፋኑ እንደተጣበቀ ይደርቃል፣ ቀለሙ ይበላሻል። ባለፈው ዓመት ብቻ በሁለት ሳምንት ውስጥ በዚህ ምክንያት ያጣነው ገንዘብ ቀላል አይደለም፣ ገበሬው ደግሞ ጥፋቱ የኛ ይመስለዋል።

አሃ፣ አሁን የምትይው ገባኝ። ለሁሉም ቀን ሳይሆን ለጭንቁ ቀን ነው ያሰብሽው።

ቅንጣት_21

አዎ! ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ፋብሪካ አላሰብኩም። በወቅቱ ውስጥ የሚበዛባቸው 15 ወይ 20 ቀናት አሉ፣ ለነሱ ቀን ብቻ የሚሆን፣ አንድ ገንዳ በአንድ ቀን ሁለቴ እንዲሞላ የሚያደርግ። ደጋው ላይ ሌሊት ስለሚበርድ ተፈጥሯዊው መብላላት ይዘገያል፣ ኢንዛይሙም ቢሆን 50 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚወደው ግን በ18 ዲግሪም ቀስ እያለ ይሠራል፣ አሲዱም ይስማማዋል፣ ናይጀር የሚሠራው ፔክቲኔዝ ፒኤች 4 እና 5 ላይ ነው ጎበዝ፣ የገንዳው ውኃ ደግሞ ሲቆይ ወደዛው ነው የሚወርደው።

ሜሪላንድ_ነኝ

ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ምግብ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ቁጥጥር ላይ ነው የምሠራው፣ ይህንን ውይይት ሳነብ ደስ ብሎኝ ምሳዬን ሳልበላ ጻፍኩ።

ከፉርሽካ ላይ ኢንዛይም ማውጣት አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። ጃፓናዊው ጆኪቺ ታካሚኔ በ1894 አሜሪካ ውስጥ ፓተንት ያወጣበት ነው። ጃፓን ሳኬ የሚጠመቀው በኮጂ ነው፣ ሩዝ ላይ በሚበቅል አስፐርጊለስ ኦራይዜ በሚባል ሻጋታ። እናቶቻችን ጠላ ሲጠምቁ ብቅል የሚጨምሩት ለምንድነው? ብቅሉ ውስጥ አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፣ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይቀይረዋል፣ ከዛ በኋላ እርሾው ይበላዋል። የብቅልን ሥራ ጃፓን ውስጥ የሚሠራው ሻጋታ ነው። ታካሚኔ ሩዙን በፉርሽካ ተክቶ፣ ኢንዛይሙን አውጥቶ፣ ኢሊኖይ ፒዮሪያ ከተማ ውስጥ ውስኪ በብቅል ፋንታ በሱ ሊሠራ ተነሳ። ብቅል አምራቾቹ ሥራችን ሊቀር ነው ብለው አልወደዱትም፣ ፋብሪካውም በእሳት ወደመ። እሱ ግን አልተወውም፣ ታካ ዲያስቴዝ ብሎ ለምግብ መፍጫ መድኃኒት አድርጎ ሸጠው፣ ሀብታም ሆነ። እዚህ ዋሽንግተን በየጸደዩ ሄደን ፎቶ የምንነሳባቸው የቼሪ ዛፎች አሉ አይደል፣ በ1912 ከቶኪዮ ሲመጡ ከጀርባ ሆኖ ገንዘቡን ካወጡት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። ልጆቼን እዛ ስወስዳቸው ይሄን እነግራቸዋለሁ።

ሌላ ደግሞ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሰለሞን ደሴቶች ላይ የአሜሪካ ወታደሮች የጥጥ ድንኳን እየበሰበሰ አስቸገረ። ምን እንደሚበላው ሲመረምሩ ትራይኮደርማ የሚባል ሻጋታ አገኙ፣ ዛሬ ሴሉሌዝ የሚባለው፣ ጥጥና ገለባ የሚያሟሟው ኢንዛይም በዓለም ላይ በብዛት የሚመረተው ከዚያ ሻጋታ ዘሮች ነው። እነሱ የጠላት ያህል ያዩት ነገር ነበር።

ቅንጣት፣ አንድ ምክር። ኢንዛይም ላይ ገንዘቡን የሚበላው ሻጋታውን ማሳደጉ አይደለም፣ ከዛ በኋላ ማጣራቱ፣ ማጥለሉ፣ ማድረቁ፣ ሳይበላሽ ማቆየቱ ነው። ዱቄት ለማድረግ አትሞክሪ። ፈሳሹን አውጥተሽ ፍሪጅ አስገብተሽ በጥቂት ቀን ውስጥ ተጠቀሚው። የምትጠቀሚበት ቦታ ቅርብ መሆኑ ከሁሉ የሚበልጥ ዕድልሽ ነው።

ዳቦ_አዳማ

ይቅርታ ከቡና ትንሽ ላውጣችሁ። እኔ ዳቦ ቤት አለኝ፣ ዱቄቱ በየጊዜው ይለያያል፣ ኢምፕሩቨር የምንለውን ከውጭ የሚመጣ የሊጥ ማሻሻያ ነው የምንጨምረው፣ ዋጋው በየወሩ ይጨምራል አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል። እሱ ውስጥ ያለው የሻጋታ አሚሌዝ ነው ብለውኛል። በፉርሽካ እኛው ብንሠራውስ? ደግሞ የኔ አቡኪ ሁለት ዓመት ሆነው ደረቱን ያፍነዋል፣ ሲያቦካ ይብስበታል፣ እሁድ እቤቱ ሲውል ይሻለዋል። ከዚህ ጋር ይገናኛል እንዴ?

ሜሪላንድ_ነኝ

ወንድሜ ከሁለተኛው ልጀምር፣ እሱ ይቀድማል። በጣም ሊገናኝ ይችላል። ከኮጂው ሻጋታ የሚወጣው አሚሌዝ በጋጋሪዎች ላይ አስም ከሚያስነሱ ነገሮች አንዱ መሆኑ በደንብ የታወቀ ነው፣ ዱቄቱ ራሱም እንዲሁ። ሥራ ላይ ሲብስ እረፍት ቀን ሲሻል ዋናው ምልክት ነው። ሰውየውን ሐኪም ቤት ውሰደው፣ ሥራዬ ላይ ይብስብኛል ብሎ ለሐኪሙ ይናገር። እስከዛው ኢምፕሩቨሩን ከደረቅ ዱቄት ጋር አየር ላይ አታራግፉት፣ በውኃ በጥብጣችሁ ጨምሩ፣ ከመዳፍ ሳይሆን በማንኪያ ይሰፈር፣ ደህና ማስክ ይግዛለት፣ የጨርቁ አይበቃም።

ኢንዛይሙን ራስህ መሥራት ግን አልመክርህም፣ ዳቦ በየቀኑ በብዙ ሺህ ሰው ሆድ የሚገባ ነው። ይልቅ ብቅል አለልህ። በደንብ የደረቀ የስንዴ ወይም የገብስ ብቅል አስፈጭተህ ለ100 ኪሎ ዱቄት ከ200 እስከ 300 ግራም ሞክር። የሻጋታው አሚሌዝ የሚመረጠው ምጣዱ ውስጥ 60 ዲግሪን ሲያልፍ ቶሎ ስለሚሞት ነው፣ የብቅሉ ትንሽ ይዘገያል፣ ካበዛኸው የዳቦው ልብ ይጣበቃል። በትንሹ ጀምር።

ዳቦ_አዳማ

በውኃ በጥብጡ ያልከኝን ነገ ጠዋት እጀምራለሁ። ልጁን ሰኞ እወስደዋለሁ፣ እስካሁን ብርድ ነው እያልኩት ነበር፣ ከልቤ ነው ያዘንኩት። ብቅሉንም ከጎረቤት ጠላ ከምትሸጠው እናት አገኛለሁ።

ጋሼ_ማይክሮ

ብቅሉ ራሱ ሻጋታ እንዳይኖርበት እይ፣ ጠላ ጠማቂ እናቶች የሻገተ ብቅል የሚጥሉት በምክንያት ነው።

ቺዝ_እና_እርጎ

አጭር አስተያየት። እኛ አነስተኛ ቺዝ እንሠራለን፣ የምንጠቀመው ሬኔት (ወተት የሚያረጋው ኢንዛይም) ከሻጋታ የሚወጣው ነው፣ ራይዞሙኮር ሚሄይ ከሚባለው። ሙስሊም ደንበኞቻችን ከከብት ሆድ የወጣ ነው ወይ ብለው ስለሚጠይቁን በዚህ በኩል እፎይ ብለናል። ጉዳቱ ቺዙን ወራት ካቆየኸው ይመራል፣ ኢንዛይሙ ፕሮቲኑን መቆራረጡን አያቆምም። ለትኩሱ ቺዝ ግን ምንም አይለውም። ለዓይብ አያስፈልግም፣ ዓይብ በሙቀትና በአሬራው አሲድ ነው የሚረጋው። አንድ ቀን አገር ውስጥ የሚያመርተው ቢገኝ የመጀመሪያዋ ደንበኛ እኔ ነኝ።

ሜሪላንድ_ነኝ

ቅንጣት፣ ትናንት ማታ ሳስበው አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝና ተመለስኩ። ማጠቢያ ጣቢያው ላይ ናይጀር ልታሳድጊ ነው። ጣቢያው ላይ ደግሞ እርጥብ ቡና አልጋ ላይ ተሰጥቶ ለብዙ ቀን ይደርቃል። አውሮፓ ኅብረት ኦክራቶክሲን ኤ ላይ ያለውን ገደብ ከ2023 ጀምሮ ለተቆላ ቡና በኪሎ ከ5 ወደ 3 ማይክሮግራም አውርዶታል። የአንቺ ዘር ቶክሲን የሌለው ቢሆን እንኳን፣ ገዢ መጥቶ አልጋው አጠገብ የጥቁር አስፐርጊለስ ትሪ ካየ ምን ይላል? ስፖሩ በነፋስ ይሄዳል፣ በጨርቅ ያጣራሽው ፈሳሽ ውስጥም ይኖራል፣ ስፖር ከ3 እስከ 5 ማይክሮን ነው፣ ነጠላ አይዘውም።

ኢንዛይሙ በራሱ ቡናው ውስጥ አይቀርም፣ ይታጠባል፣ የቀረችውም በቆላው ሙቀት ትሞታለች። እኔን የሚያስፈራኝ ሻጋታው ነው።

የገንዳ_ሰው

ይሄ እውነት ነው። እኛ ጋ ገዢዎች አልጋ ላይ አንዲት የሻገተች ፍሬ ሲያዩ ፊታቸው ይለወጣል።

ጋሼ_ማይክሮ

ይህንን ማንሳትህ ትክክል ነው ልጄ፣ እኔ ቀድሜ ማለት ነበረብኝ። መፍትሔው ማሳደጉን ከጣቢያው ማራቅ ነው። ከተማ ላይ፣ በር ባለው ክፍል ውስጥ፣ የራሱ ልብስና ጫማ ያለው። ገለፈቱ ደርቆ ወደ ከተማ ይምጣ፣ ፈሳሹ ብቻ ወደ ጣቢያው ይመለስ። ለማጣሪያ ከጨርቁ በኋላ ቢራ ፋብሪካዎች የሚያጣሩበትን የዲያቶማይት ዱቄት ሞክሪ፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ እኛም አለን። ካጣራሽ በኋላ አንድ ጠብታ ፔትሪ ዲሽ (የሻጋታ ምግብ ያለበት የላብ ሳህን) ላይ አፍስሰሽ 5 ቀን ጠብቂ፣ ምንም ካልበቀለ ጥሩ ነው፣ ከበቀለ እንደገና አጣሪ።

ከዚህ አልፎ ለሽያጭ ከታሰበ ፈቃድ አለው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ 1112/2011 አለ፣ ባለሥልጣኑን ጠይቂ። ዓለም አቀፉ የምግብ ተጨማሪዎች ባለሙያዎች ኮሚቴ ለምግብ ኢንዛይም ያስቀመጠውም ግልጽ ነው፦ በ25 ግራም ሳልሞኔላ የለም፣ ኢ ኮላይ የለም፣ ኮሊፎርም የሚባሉት የብክለት ምልክት የሆኑ ባክቴሪያዎች በግራም ከ30 አይበልጡም፣ እርሳስ በኪሎ ከ5 ሚሊግራም አያልፍም። እነዚህን አሁኑኑ ደብተርሽ ላይ ጻፊያቸው።

ቅንጣት_21

ሁለት ቀን ዝም ያልኩት ተናድጄ አይደለም፣ እያሰብኩ ነው። "እዛው ጣቢያው ላይ" የሚለው ነበር የኔ ሐሳብ ልቡ፣ እሱን መተው ከበደኝ። ግን የአባቴን ማኅበር ቡና አደጋ ላይ ልጥለው አልችልም፣ 300 ቤተሰብ ይኖርበታል። አጋሮ ላይ አንድ ክፍል እፈልጋለሁ። ዘሩንም በደብዳቤ ጠይቄያለሁ።

ቅንጣት_21

ሰላም በድጋሚ፣ ጊዜው ሄደ፣ ታኅሣሥ ገባ። እንዳልጠፋሁ ላሳውቃችሁ።

ዘሩ ተሰጠኝ፣ የቶክሲን ምርመራ ወረቀቱም ጭምር። አጋሮ ላይ የዘመድ ሱቅ ጀርባ አንድ ክፍል አገኘሁ፣ ግድግዳውን በኖራ ቀባሁት። 3 ሴንቲሜትር አድርጌ ዘራሁ፣ በ20ኛው ሰዓት አገላበጥኩት፣ ጋሼ እንዳሉት ነጭ እንደሆነ አነሳሁት። አልሞቀም አልሸተተም፣ የእንጉዳይ የሚመስል ጥሩ ሽታ ነበረው። በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፌ ጨመቅኩት፣ በጨርቅ ከዛ በዲያቶማይት አጣራሁት። የመጀመሪያው ዙር ፔትሪ ዲሽ ላይ 2 ነጥብ በቀለ፣ ደፋሁት። ሁለተኛው ዙር ንጹሕ ወጣ።

ባለፈው ሐሙስ ማኅበሩ ሁለት ባልዲ የተፈለፈለ ቡና ሰጠኝ፣ ከአንድ መኪና ከአንድ ገበሬ። አንዱ ላይ ፈሳሹን ጨመርኩ አንዱን ዝም ብዬ ተውኩት፣ ጣቢያው ጓሮ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ያን ሌሊት በጣም በርዶ ነበር። አባቴ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ባትሪ ይዞ ቀሰቀሰኝ፣ እሱ ነው እየተነሳ ሲያይ ያደረው። ኢንዛይሙ ያለበት ባልዲ ውስጥ ዱላ ሰክቶ ሲያወጣው ጉድጓዱ ሳይከደን ቀረ፣ በእጁ ሲያሸው ቡናው እንደ ጠጠር ኮረኮረ፣ ሽፋኑ ለቋል ማለት ነው። ያኛው ገና ያሙለጨልጭ ነበር፣ የለቀቀው በማግስቱ ማታ ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ቡና ያጠበ ሰው ነው፣ ምንም አላለኝም፣ ዝም ብሎ ቡናውን ደጋግሞ ሲያሸው ቆየ።

አንድ ሙከራ ብቻ ነው፣ ብዙ ልበል አልፈልግም። ሁለቱም አልጋ ላይ ናቸው፣ ለየብቻ ምልክት አድርጌባቸዋለሁ፣ ወደ 10 ቀን ይቀራቸዋል። ወንድሜ የገንዳ ሰው፣ ያነሳኸው የጣዕም ጥያቄ አሁንም አልተመለሰም። ሲደርቁ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳልነግርህ ከሁለቱም ግማሽ ግማሽ ኪሎ ብልክልህ፣ እናንተ ጋ ከሚቀምሱት ጋር ቆልታችሁ ትቀምሱልኛላችሁ?

የገንዳ_ሰው

ላኪው። "ሀ" እና "ለ" ብለሽ ብቻ ጻፊበት፣ ሌላ ምንም አትጻፊ። በምን መኪና እንደምትልኪው በውስጥ መስመር ንገሪኝ፣ መናኸሪያ ወጥቼ ራሴ እቀበለዋለሁ።